በካባ ጉዳይ አልደራደርም

ሰው በፖለቲካ ይከራከራል፤ በእግር ኳስ ክለብ ተከራክሮ ወንበር ይወራወራል። እኔ የተከራከርኩት በልብስ ነው። ያውም በራሴ ልብስ አይደለም። በዓይኔ አይቼው በማላውቀው፣ በወረቀት ላይ ተስሎ ከፎቅ ፎቅ በሚዘል ሰውዬ ልብስ ነው። በዚህ ክርክር የደረሰብኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እነግራችኋለሁ። ነግሬያችሁ ስጨርስ ግን «ምን አስጨነቀህ?» እንዳትሉኝ። ይህን ጥያቄ ከእናቴ ጀምሮ እስከ ከተማው ትራፊክ ፖሊስ ድረስ ያልጠየቀኝ የለም፤ ለማንም መልስ አልሰጠሁም።

ነገሩ የጀመረው ተማሪ ሳለሁ፣ በስኳር መጠቅለያ ነው። የክፍል ጓደኛዬ የሐሊማ አባት ሐጂ፣ ነገሌ ቦረና ገበያ መካከል ጨርቅም ስኳርም ሻይ ቅጠልም የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። መጠቅለያ ወረቀታቸው የሚመጣው ከሞያሌ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ሰው አንብቦ የጣለው ጋዜጣና መጽሔት በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ በጭነት መኪና አናት ላይ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ጠጥቶ ይደርሳል። አንድ ቀን እናቴ ስኳር ግዛ ብላ ላከችኝ። ሐጂ ጠቅልለው በሰጡኝ ወረቀት ላይ አንድ ሰውዬ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ወይን ጠጅ ልብስ፣ ነጭ ቦት ጫማ፣ ከትከሻው እስከ ተረከዙ የሚወርድ ቢጫ ካባ። ነፋስ የወጠረው ካባ የሥዕሉን እኩሌታ ሞልቶታል። ወረቀቱ እንዳይጨማደድብኝ ስኳሩን ኪሴ ውስጥ ገለበጥኩና ሥዕሉን በሁለት እጄ ይዤ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ያን ዕለት ያደረገችኝን መዘርዘር አያስፈልግም። ሱሪዬን ግን ጉንዳን ለረጅም ጊዜ አልተወውም።

ከዚያ በኋላ ሐሊማ ከረጢቱን እየበረበረች ገጽ ማውጣት ጀመረች። ሦስተኛችን ጉዮ ነበር፤ አባቱ ከብት ነጋዴ፣ እሱ ራሱ ደግሞ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ያለው ልጅ። ሦስታችን ከሱቁ ጓሮ ተቀምጠን የተገኘውን ገጽ በቅደም ተከተል ለማስያዝ እንሞክራለን። ታሪኩ መቼም ሙሉ ሆኖልን አያውቅም። ጀግናው ገደል ውስጥ ሲወድቅ እናያለን፤ የሚቀጥለውን ገጽ ከአሬሮ ገጠር ለገበያ የመጣ አንድ ሰው ሻይ ቅጠል ተጠቅልሎበት ይዞት ሄዷል። ስለዚህ ከገደሉ እንዴት እንደወጣ እኛው እንወስናለን። ጉዮ ሁልጊዜ በገመድ ያወጣዋል። ሐሊማ ቀድሞውንም አልወደቀም ትላለች። እኔ በካባው አወጣዋለሁ። የሰውዬው የእንግሊዝኛ ስም ረጅም ስለነበር «ባለካባው» እያልን ጠራነው፤ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ።

እኔ ኋላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሆንኩት በዚያ ሰውዬ ነው ብል አልዋሸሁም። ጉዮ እንስሳት ጤና ተምሮ ተመለሰ። ሐሊማ ሐጂ ሲደክሙ ሱቁን ተረክባ፣ ስኳሩን በላስቲክ መሸጥ ጀመረች። የተሰበሰቡት ገጾች በአንድ ካርቶን ውስጥ እኔ ዘንድ ነበሩ። እንግዲህ እንዲህ በሰላም ስንኖር ነው ፊልሙ የመጣው።

ባለካባው ፊልም ተሠራለት ሲባል ሰምተን ስንጠብቅ ከርመናል። ሲዲው ከአዲስ አበባ የደረሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከገበያው በስተጀርባ ያለው ቪዲዮ ቤት ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆመ። እኛ ሦስታችን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ፊልሙ ጀመረ፤ ከተማው ተቃጠለ፤ ሴትየዋ ጮኸች። ከጭሱ መሃል አንድ ሰው ወጣ። ከእግር እስከ አንገቱ ጥቁር። የሚያብረቀርቅ፣ የተላገ፣ የጭነት መኪና ጎማ የመሰለ ጥቁር።

«ይሄ ማነው?» አልኩ።

«እሱ ነዋ» አለኝ ጉዮ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

«ካባው የታለ?»

«የለውማ።»

«ካባ የሌለው ባለካባ?»

ሳላውቀው ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ። ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ተቀመጥ እንጂ፤ ጋረድከን» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ዞር ብዬ ለሕዝቡ ይህ ሰው እኛ የምናውቀው ሰው እንዳልሆነ፣ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ካባውን እንደሰረቁት፣ ቢጫው የት እንደገባ ሊጠየቁ እንደሚገባ ማስረዳት ጀመርኩ። የቤቱ ባለቤት ፊልሙን ከማቆም እኔን ማስወጣት ቀለለው። ጉዮና ሐሊማ ተከትለውኝ ወጡ፤ ለእኔ አዝነው ሳይሆን ለመከራከር ነው።

«እስቲ በአእምሮህ አስበው» አለ ጉዮ። «ሰውዬው ይሮጣል፤ ይደባደባል። ከኋላው ያን ሁሉ ጨርቅ ሲያንጠለጥል አንዱ ይዞ ቢጎትተውስ? በር ቢዘጋበትስ? እኔ በሬ ስከትብ ጋዋኔን እንኳ አወልቃለሁ።»

«ጎማ ትለብሳለህ ታዲያ? ያን ለብሶ በዚህ በኛ ፀሐይ ይውጣና ልየው። ወንጀለኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ብቻ ነው ያለበት፤ ሰውዬው በራሱ ጊዜ ይወድቅለታል።»

ሐሊማ በሁለታችንም አልተስማማችም። እሷ ጨርቅ ስትለካ ያደገች ናት፤ የምታየው ሌላ ነገር ነው። «እኔን ያናደደኝ ጡንቻው ነው» አለች። «ክንዱን ሲያጥፍ አላያችሁትም? አይነቃነቅም። የተሰፋ ስፖንጅ ነው። እንደዚያማ ከሆነ ከሱቃችን የፍራሽ ስፖንጅ አምጥቼ ጉዮንም ጀግና አደርገዋለሁ። ደግሞ ጭምብሉ ቅንድቡን ሸፍኖታል። ቅንድቡ የማይታይ ሰው ማዘኑ በምን ይታወቃል?»

ወሬው በማግስቱ ከተማውን አዳረሰው። ፊልሙን ያየውም ያላየውም ወገን ያዘ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ባብዛኛው ከጉዮ ጋር ሆኑ። ተማሪዎቼ ፊት ለፊቴ ከእኔ ጋር፣ ከኋላዬ ከጉዮ ጋር ነበሩ። ሐሊማ ዘንድ ደግሞ ሴቶቹ ተሰብስበው ስለ ነጩ ቦት ጫማ ይነጋገራሉ፤ በነገሌ አቧራ ነጭ ቦት የሚያደርግ ሰው የሚያጥብለት ሊኖር ይገባል፣ ይቺ ሴት ማናት የሚል ጥያቄ አነሱ። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፤ ዛሬም ያሳስበኛል።

የከፋው ቤቴ ውስጥ የሆነው ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ከጎጃም መጥተው እዚህ ጦር ካምፕ አገልግለው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ቀሩ። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ትእዛዝ ይመስላል። እራት ላይ ተቀምጠን ነገሩን ከሰው እንደሰሙ ነገሩኝ።

«ቢጫ ነው አሉ» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ቢጫ ለብሶ የሚዋጋ ሰው ሞኝ ነው። ጠላት ዓይኑን ጨፍኖ ቢተኩስ ይመታዋል። ጥቁር ያለበሱት ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ።»

በዚያው ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አልተማርኩም። «እሱ ወታደር አይደለም አባባ» አልኩ። «ሰው ሊያድን ነው የሚመጣው። የተጨነቀ ሰው ከሩቅ አይቶት መጣልኝ እንዲል ነው ቢጫ የለበሰው። መታየት ይፈልጋል።»

አባቴ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። «እኔን ተሸክሞ ያወጣኝ ሰው አልታየም» አሉ። ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ እናቴም ቀና አለች። «ቆስዬ ወድቄ አንዱ በጀርባው አዝሎ አወጣኝ። የለበሰው እኔ የለበስኩትን ነው፤ ሁላችንም የለበስነውን። ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ሰው ማዳን እንደሱ ነው። ቢጫ አያስፈልገውም።»

እኔ ምን አልኩ? እናንተ ብትሆኑ «እግዜር ይስጠው» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔ «ካባ ቢኖረው ኖሮ ፈልገው አግኝተው ያመሰግኑት ነበር» አልኩ።

አባቴ ተነሡ። እጃቸውን ታጠቡ። በሩ ጋ ደርሰው «ያን ነገር ለብሰህ አደባባይ የወጣህ እንደሆነ አባቴ ነው እንዳትለኝ» ብለው ወጡ። እናቴ እኔን አይታ፣ ትሪውን አይታ፣ ራሷን ነቀነቀች። ማንም ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩን ይተዋል። እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለብሼው እወጣለሁ ብዬ አስቤ እንኳ አላውቅም ነበር። ሐሳቡን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ጉዮ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ነገሩ እንዲለይለት ወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ፈተና ይሁን አለ። እኔ ሙሉ ልብሱን ለብሼ ሜዳውን እሮጣለሁ፤ እሱ እያባረረ ካባውን ለመያዝ ይሞክራል። ከያዘው፣ ለዓመታት የሰበሰብናቸው ገጾች ከነካርቶናቸው ወደ ሐሊማ ሱቅ ተመልሰው ስኳር ይጠቀለልባቸዋል። ካልያዘው፣ ጉዮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቆሞ ፊልም ሠሪዎቹ ተሳስተዋል ብሎ ይናገራል። ሐሊማ ስኳር በወረቀት መጠቅለል ከተወች መቆየቷን ብትናገርም አልሰማናትም። ተጨባበጥን። ወደ ቤት ስመለስ ግን ካርቶኑን ከፍቼ ያችን የመጀመሪያዋን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየኋት። ጥጓ ላይ የስኳር እድፍ አለ። ጉዮ ደግሞ በልጅነቱ ገበያውን ሁሉ በሩጫ የሚቀድም ልጅ ነበር።

ልብሱን የሰፉልኝ ኦቦ ዲዳ ናቸው። ስማቸው በቦረና ደህና ስም ነው፤ በአማርኛ ግን ትርጉሙን ታውቁታላችሁ። እንደሳቸው የሚያወራ ሰው በከተማው አልነበረም። የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ ነው የሚሰፉት።

«አካም፣ ናጋ?» አሉኝ። ሰላም መሆኔን ነገርኳቸው። ሐሊማ የመረጠችልኝን ቢጫ ሳቲን፣ ለሰርግ አዳራሽ ማስጌጫ የሚገዛውን፣ ጭናቸው ላይ ዘረጋሁት።

«ልታገባ ነው?»

«አይደለም ኦቦ ዲዳ።»

«ልትመረቅ ነው?»

«ተመርቄያለሁ። ለመሮጥ ነው።»

«ይሄን ለብሰህ? ማን እያባረረህ?»

ጉዮ እንደሚያባርረኝ ነገርኳቸው። ጉዮ ግመላቸውን አክሞ ስላዳነላቸው በእሱ ላይ ክፉ ማሰብ አልፈለጉም፤ ጥፋቱ የእኔ መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። እንደዚያም ሆኖ ለኩኝ። ለታች ወይን ጠጅ ታይት ከሴቶች ልብስ መሸጫ ተገኘልኝ። ችግር የተፈጠረው ባለካባው ከላይ ስለሚያደርገው ነጭ ነገር ሳስረዳቸው ነው።

«ሙታንታ?» አሉ፣ መርፌውን አቁመው።

«አዎ።»

«ከሱሪው በላይ?»

«ሥዕሉ ላይ እንደዚያ ነው።»

ኦቦ ዲዳ ግራና ቀኝ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የአንተን አባት አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። «እኔም ልጆች አሉኝ። ይሄን የሰፋ ሰው ነው እየተባልኩ እዚህ በረንዳ መቀመጥ አልችልም።» ብዙ ተከራክረን በነጭ የኳስ ቁምጣ ተስማማን። ይህን እንደ ሽንፈት አትቁጠሩብኝ። ዋናው ካባው ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ ከምሳ በኋላ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፤ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሰውዬ አልመሰልኩም። በቀጭን እግር ላይ የቆመ የሰርግ አዳራሽ ነበር የምመስለው። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና «ስትመለስ በጓሮ በር ግባ» አለችኝ። መረቀችኝ ብዬ ወሰድኩት።

በእግር ሄጄ መሳቂያ ከምሆን ብዬ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ የጉዮ ደጋፊ ነው፤ እያየኝ ይስቃል፤ ስለሚስቅ ካባዬን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ መሰብሰቤን አላጣራም። እኔም አላጣራሁም። ከሰፈራችን እንደወጣን አንገቴን አንድ ነገር ወደ ኋላ ቀጨም አደረገኝ። የካባው ጫፍ በኋላ ጎማው ተጠቅልሏል። ባጃጁ ሲቆም እኔ በግማሽ ጎኔ ውጭ ነበርኩ፤ ዓይኔ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ይኸው» አለኝ ሾፌሩ፣ ጨርቁን ከጎማው እየፈታ። «ጉዮ ያለው ይሄንን አይደል?»

«ባለካባው ባጃጅ አይሳፈርም» አልኩት። ጫፉ ተቀዶ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣ በእግሬ ቀጠልኩ።

ወደ ወጣት ማዕከሉ የሚወስደው መንገድ በከብት ገበያው ጠርዝ ያልፋል። የበጋው ነፋስ ተነሥቶ አቧራውን እያዞረ ነበር። እዚያ ስደርስ የአሬሮ ሰዎች ግመሎቻቸውን በመኪና ሊጭኑ ወደ መወጣጫው እየነዱ ነው። ነፋሱ ከኋላዬ መጣ። ካባው ተወጠረ። ልክ እንደ ሥዕሉ፣ ከትከሻዬ ተነሥቶ ከራሴ በላይ ተንሳፈፈ፤ ጨርቁ ሲርገበገብ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ያሰማል። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ያማርኩበት ጊዜ የለም። ይህን ያየው ግን ከፊት የነበረው ግመል ብቻ ነው።

ግመሉ አንገቱን ወደ ላይ ሰቀለ፤ ገመዱን በጠሰ፤ ዞረ። የተቀሩት ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተከተሉት። ነጂዎቹ ዱላቸውን ይዘው በኦሮምኛ እየተጣሩ ሮጡ። ግመሎቹ የሄዱበት መንገድ ወደ ታች ወርዶ ወተት ሻጮቹ ሴቶች ዕቃቸውን ደርድረው ከሚቀመጡበት ጠባብ መተላለፊያ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ማምለጫ የለም፤ ሴቶቹ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ሕፃን ታቅፈዋል። ያን ሁሉ ቀን የተከራከርኩለት ልብስ ሰው ሊያስገድልብኝ ነው።

ሮጥኩ። በሱቆቹ መካከል ያለውን ቀጭን ማቋረጫ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በዚያ ገብቼ ከግመሎቹ ቀድሜ መንገዱ አፍ ላይ ወጣሁ። ካባው በዚያ ማቋረጫ ውስጥ በምንም እንዳልተያዘ በዚህ አጋጣሚ መጥቀስ እፈልጋለሁ። ወጥቼ ስዞር እየመጡ ነው። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ያስፈራቸው ቢጫው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንግዲያው ከፊታቸውም ያስፈራቸው። ከአንገቴ ፈታሁትና አንዱን ጫፍ ይዤ ወደ መንገዱ ዘረጋሁት። መንገዱ ሰፊ ነው። ሌላው ጫፍ መሬት ለመሬት ይጎተታል። እጄንም እግሬንም የቻልኩትን ያህል ብዘረጋም ግማሹ ክፍት ነበር።

ጥግ ላይ ባለው ሻይ ቤት ጡረተኞቹ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ መንገዱ ገባ። መሬት ላይ የወደቀውን ጫፍ አነሣ። አባቴ ነበሩ።

«ወጥር» አሉኝ።

ወጠርኩ።

«ከፍ አድርግ። ዓይናቸው ድረስ። አትነቃነቅ።»

አልተነቃነቅኩም። ከወጠርነው ጨርቅ በላይ የግመሎቹን ራስ አያለሁ፤ በስተግራዬ የአባቴን እጅ። የፊተኛው ግመል በአንድ ክንድ ርቀት ላይ እግሮቹን ተክሎ ቆመ፤ አቧራው እሱን አልፎ ፊታችን ላይ አረፈ። ሌሎቹ ከኋላው ተደራርበው፣ ተጋፍተው፣ ቆሙ። ግመሉ ጨርቁን አሸተተ። ከዚያ በሰፊው አስነጠሰበት፤ ግማሹ ለእኔ ደረሰኝ።

ከኋላችን ሴቶቹ ወተታቸውን አንሥተው ወደ ግንቡ ተጠግተዋል። አንዲት አሮጊት ታይቴን አይታ ፊቷን አዞረች። ማንም አልተጎዳም። ይህን ሳረጋግጥ መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ የያዙትን ጫፍ በሥርዓት አጠፉት፤ ሰንደቅ ዓላማ እንደሚያጥፉት። ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «አቧራህን አራግፍ» ብለውኝ ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

በወጣት ማዕከሉ በር ሲጠብቀኝ የነበረው ሕዝብ ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰ፤ ጉዮና ሐሊማ ከፊት። የግመሎቹ ባለቤት ኦቦ ሊበንም ከአሬሮ ሰዎች ጋር እያለከለኩ መጡ። እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ኩን ማሊ?» አሉ ለጉዮ። ይሄ ምንድነው ማለታቸው ነው። ምንድነው እንጂ ማነው አላሉም።

ጉዮ ግመሎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ደህና መሆናቸውን ካረጋገጠላቸው በኋላ ነገሩን በኦሮምኛ አስረዳቸው። ሰውዬው፣ ካባው፣ ፊልሙ፣ ክርክሩ። ኦቦ ሊበን በትዕግሥት ሰሙ። ሕዝቡም ለመስማት ተጠጋ፤ ምክንያቱም ከወዲያም ከወዲህም ያልሆኑ ሽማግሌ በመገኘታቸው እሳቸው እንዲፈርዱ ሁሉም ወዶ ነበር።

«ሰውዬው ሥራው ምንድነው?» ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ሰው ያድናል።»

«ከብት አለው?»

«የለውም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«እንግዲያው የፈለገውን ይልበስ» አሉ ኦቦ ሊበን። «ወደ ገበያ ግን አይምጣ።» ግመሎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ክርክሩ እዚያው መንገድ ላይ ቀጠለ። ጉዮ «አየህ» አለኝ። «ሰው ያዳንከው አውልቀኸው ነው። ለብሰኸው እያለህማ ግመል ነው ያስበረገግከው።»

«ባልለብሰው ምኑን አወልቀው ነበር?» አልኩት። «ያ የፊልሙ ጎማ ቢሆን ኖሮ ምን ትዘረጋ ነበር? ስፖንጁን?»

ሐሊማ ሳቲኑን ከጭኔ አንሥታ በጣቷ እያሸች፣ ግራሶውም የግመሉም ነገር እንደማይለቅ ነገረችን፤ ጥያቄውም ከመጀመሪያው የጨርቅ ምርጫ ጥያቄ እንደነበር፣ ሸራ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ትክክል እንሆን እንደነበር ጨመረች። ከሕዝቡ ገሚሱ አጨበጨበላት። ሩጫው ቀረ። ጉዮ ገጾቹን አልጠየቀኝም፤ እኔም ቪዲዮ ቤት ገብተህ ተናገር አላልኩትም። በጓሮ በር ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር፣ ታይቴን እንደለበስኩ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ክብር ያለው አስተማሪ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም አሉኝ። አድርጌዋለሁ አልኳቸው። ለመጪው ጊዜ ምን ታስባለህ አሉኝ። ከተረከዝ በላይ ትንሽ ማሳጠር እንደሚቻል፣ ቀለሙን ግን እንደማልለውጥ ነገርኳቸው። አሰናበቱኝ፤ ማለቴ ከቢሮው።

ካምፑ አካባቢ ያሉት ወታደሮች ዛሬም ሲያዩኝ «ካባ» ይሉኛል። እመልስላቸዋለሁ። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ስለ ቢጫም ሐሳባቸውን አልለወጡም። አንድ ጊዜ ብቻ ጡረተኛ ጓደኛቸው «ልጅህ ያን ቀን ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሰምቻለሁ። «ሥራ ላይ ነበር» አሉት።

ጉዮ በኋላ ወደ ተልተሌ ተዛወረ። ሩቅ ነው፤ በስልክ ብቻ እንገናኝ ነበር። በቅርቡ አንድ ቀን ከሰዓት ደወለልኝ። አዲስ ፊልም ወጥቷል፤ በሌላ ተዋናይ፣ በሌላ ሠሪ።

«ካባውን መልሰውታል» አለኝ።

«ቢጫ ነው?»

«ቢጫ ነው።»

«እስከ የት ነው?»

«እስከ ወገቡ» አለ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ያምርበታል።»

ያምርበታል የሚልን ሰው በስልክ መመለስ አይቻልም። ነገ እመጣለሁ ብዬው ዘጋሁና ቦርሳዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። አባቴ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። አሁን ከዘራ ይዘዋል።

«ወዴት ነው?»

«ተልተሌ። ጉዮ ዘንድ።»

«ታሟል እንዴ?»

«ደህና ነው አባባ። ካባ እስከ ወገብ ይሁን እያለ ነው።»

አባቴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጃኬታቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

«እስከ ወገብማ የአንገት ልብስ ነው» አሉ። «አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»